አምስት አንባቢ፣ አምስት ዓይነት አስተያየት፣ አንድ ስክሪፕት

ጥያቄ፦

«የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የመጀመሪያዬን የፊልም ስክሪፕት ጽፌ ለአምስት ሰው አስነበብኩ። የቴአትር ክበብ ጓደኛዬ መጀመሪያው ይንዛዛል፣ 20 ገጽ ቁረጪ አለኝ። ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ መምህር ደግሞ ምርጡ መጀመሪያው ነው፣ እንዲያውም የቤቱን ታሪክ ጨምሪበት አሉኝ። ምድር ባቡር ይሠራ የነበረው አጎቴ ‹አያትየው ለምን ዝም ይላል› ብሎ ተናደደ፤ የባቡሩንም ነገር አበላሽተሻል አለኝ። ተከታታይ ድራማ የማያመልጣት የአክስቴ ልጅ አያትየው መሃል ላይ ይሙት ትላለች። ሠርግ የሚቀርጽ ጓደኛዬ ኮሜዲ አድርጊው፣ ኦሮምኛና ሶማልኛውንም አውጪው ይላል። ሁሉንም ላስደስት ብዬ ደጋግሜ ጻፍኩትና አሁን አራት ፋይል አለኝ፤ የትኛው የእኔ እንደሆነ ጠፋኝ። በዚህ ላይ የቴአትሩ ጓደኛዬ ‹ስላስተካከልኩልሽ ስሜ አብሮ ይግባ› እያለ ነው። ከሁለት ወር በኋላ አዲስ አበባ ላለ ፕሮዲዩሰር ለመስጠት ቀጠሮ ይዣለሁ። ማንን ልስማ?»

ግራ የገባት፣ ከሳቢያን

መልስ፦

እህታችን፣ በድሬ ወግ «አንቺ» እያልን እንቀጥል።

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሻቸውን አራት ድራፍቶችና የአስተያየት ማስታወሻሽን አየናቸው። ለአንባቢ ያህል፣ ታሪኩ አያቷን የምትጦር ነጋዴ፣ ከጅቡቲ በዕዳ ተይዞ የተመለሰ ወንድሟ ያደጉበትን ቤት እንዳያሸጥ የምትታገልበት ነው። አምስቱ ሰዎች ያነበቡት አንድ ስክሪፕት አይደለም። ጓደኛሽ የደረሰው የመጀመሪያው ድራፍት ነው፤ ወንድምየው ከጅቡቲ እስኪመጣ 28 ገጽ የሚፈጀው። እሱ «ይንዛዛል» ሲልሽ 11 ገጽ ቀነስሽ። መምህሩና አጎትሽ ያነበቡት ይህን የተቀነሰውን ነው። ስለዚህ መምህሩ «ምርጡ መጀመሪያው ነው» ያሉት ጓደኛሽ የተሰላቸበትን አይደለም፣ ተስተካክሎ የደረሳቸውን ነው። የአክስትሽ ልጅ እጅ የገባው ሦስተኛው ነው፤ የቤቱ ታሪክ የተጨመረበት፣ አያትየውም አጎትሽን ደስ ይበለው ተብሎ ሁለት ሁለት ገጽ የሚያወራበት። «ይሙት» ብትል አይፈረድባትም። ሠርግ ቀራጩ ደግሞ አያትየው የሞተበትን፣ ከግማሽ በላዩ ለቅሶ የሆነውን አራተኛውን አንብቦ ነው «ኮሜዲ ይሁን» ያለው።

እርስ በርስ ይጋጫሉ ካልሻቸው አስተያየቶች ግማሽ የሚሆኑት የተጋጩት በዚህ ምክንያት ነው። ከእንግዲህ አንድ ዙር ማለት አንድ ድራፍት ነው። ለሦስት ሰው ከሰጠሽ የሦስተኛው መልስ እጅሽ እስኪገባ ፋይሉን አትንኪ፤ የፊደል ግድፈት ብታገኚ እንኳ ደብተር ላይ መዝግበሽ እለፊው። የመጀመሪያው ሰው በነገረሽ ማግስት የምታርሚ ከሆነ ሁለተኛው የሚነግርሽ ስለ ሌላ ጽሑፍ ነው፤ ሁለቱን አስተያየቶች ማወዳደር አትችይም።

ከአራቱ የትኛውን ትያዢ? እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። አንደኛው ላይ ያደረግሽው አንድ ለውጥ ብቻ ነው፣ እሱንም ራስሽ አምነሽበት ነው የቆረጥሽው። ሦስተኛውና አራተኛው የተጻፉት ሰው ለማስደሰት እንደሆነ ከዲያሎጉ ያስታውቃል፤ አያትየው በሲን (ትዕይንት) 33 የሚያደርገው ንግግር የአጎትሽ ድምፅ እንጂ የእሱ አይደለም። ሁለቱን አትሰርዣቸው፣ ለብቻቸው አስቀምጫቸው። ፋይሎችሽንም «ፋይናል»፣ «ፋይናል አዲስ»፣ «ፋይናል የመጨረሻ» ማለቱን ተዪና «ድራፍት 2፣ መስከረም 12» በሚል ዓይነት በቁጥርና በቀን ሰይሚያቸው። ከዚህ በታች የምንጠራው ቁጥር ሁሉ የዚሁ ድራፍት ነው፤ 104 ገጽና 61 ሲን አለው።

ከዚያ ለአሥር ቀን ያህል ስክሪፕቱን አትክፈቺው። በነዚያ ቀናት የሚሠራው ሥራ በደብተር ነው። ገጹን በአራት ክፈይ፦ የሲን ቁጥር፣ አንባቢው ያለው ቃል በቃል፣ አንባቢው የተሰማው፣ ያመጣው መፍትሔ። የገጽ ቁጥር አትጻፊ፣ በየድራፍቱ ስለሚንሸራተት አያገናኝሽም። ማን እንዳለውም እዚህ ደብተር ውስጥ አይግባ፤ ስሞቹን ሌላ ወረቀት ላይ በምልክት ያዢያቸው። የመምህር ስም ያለበት አስተያየት ባዶ ቢሆንም ክብደት ይኖረዋል፣ የአክስት ልጅ ስም ያለበት ደግሞ ትክክል ቢሆንም ይናቃል። ሦስተኛው ዓምድ ላይ የሚገባው ከአራት ቃል አንዱ ነው፦ ሰለቸኝ፣ አልገባኝም፣ አላመንኩም፣ ወይም ይህን ሰው አልወደድኩትም። «ኮሜዲ ይሁን» የመጀመሪያዎቹን ዓምዶች ዘሎ አራተኛው ላይ ብቻ የሚያርፍ አስተያየት ነው፤ እንዲህ ያለ ሲያጋጥምሽ ወደ ሰውየው ተመልሰሽ «የቱ ጋ ስትደርስ ነው ይህ የመጣልህ?» ብለሽ ጠይቂው። ቦታ ካልነገረሽ ለጊዜው እለፊው።

መዝግበሽ ስትጨርሺ ደብተሩን በሲን ቅደም ተከተል ገልብጪው፣ በተናጋሪ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ መልክ የሚይዘው። የአንቺኑ ማስታወሻ ይዘን እንሞክረው።

ከሲን 1 እስከ 18 ያለው ላይ «ቁረጪ» እና «ጨምሪ» የሚሉ ሁለት መፍትሔዎች ተቀምጠዋል። መፍትሔዎቹን ሸፍነሽ ሦስተኛውን ዓምድ ብቻ ስታዪ ግን አንዱ «ምን እንደምጠብቅ ስለማላውቅ ሰለቸኝ» ነው ያለው፣ ሌላው «ቤቱ ትልቅ ነገር እንደሆነ ይሰማኛል፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም»። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው። ወንድምየው የመጣው ከዚራ ሰፈር ያለውን ቤት አሽጦ ዕዳውን ለመክፈል መሆኑን የምናውቀው ሲን 19፣ ገጽ 34 ላይ ነው። እስከዚያ ቡናው፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያለው የእህትየዋ ሱቅ፣ የአያትየው ሬዲዮ፣ ሁሉም ጥሩ ጥሩ ሆኖ ያልፋል፤ አደጋ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ግን አልተነገረንም። ቤቱ ሊታጣ እንደሚችል በመጀመሪያዎቹ አሥር፣ አሥራ ሁለት ገጾች ውስጥ ካወቅን ጓደኛሽ «ቁረጪ» ያለው ብዙው ቦታ ሳይቆረጥ ውጥረት ያገኛል፣ መምህሩም የቤቱን ታሪክ መጠየቃቸውን ይተዋሉ። አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል። ለምሳሌ በእኩለ ቀን ሙቀት ሱቅ ዘግታ ስትመጣ አንድ የማታውቀው ሰው ግቢውን በእርምጃ ሲለካ ታገኘዋለች፤ አያትየው «የድሮ ወዳጄ ነው» ይላታል። ሰውየው ወንድምየው ከጅቡቲ ደውሎ የላከው ደላላ መሆኑ ሲን 19 ላይ ይገለጥ። ይህ እንግዲህ ምሳሌ ብቻ ነው፤ እኛም ስድስተኛ አስተያየት ሰጪ ሆነን እንዳናርፍ። ችግሩ ያለበትን ቦታ በእርግጠኝነት ነው የምንነግርሽ፤ መድኃኒቱ ግን ከአንቺው ቢመጣ ይሻላል።

መሃሉ ይበልጥ ያስተምራል። ከሲን 28 እስከ 39 ላይ ሦስት ሰዎች ተሰብስበዋል። «አያትየው ለምን ዝም ይላል»፣ «ይሙት»፣ «ወንድምና እህት ቁጭ ብለው ይነጋገሩ»። ለሦስቱም በተራ ታዘሽላቸው፣ ሦስቱም ጊዜ አልሠራም። አሥራ ሁለት ትንንሽ ወረቀት ቁረጪና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሲን፣ እሱም ሲጀምርና ሲያልቅ ምን እንደተለወጠ በአንድ መስመር ጻፊ። እኛ ስንሠራው ሰባቱ ላይ የወጣው «ተጣሉ፣ ተኳርፈው ተለያዩ» የሚል ነው። አንድ ሥራ የሚሠሩ ሰባት ሲኖች አሉሽ ማለት ነው። አንባቢ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ የሆነ ነገር እንዲሆንለት ይመኛል፤ ስሜቱ የቸኮለው ሞት ይጠይቃል፣ የቴአትር ሰው ንግግር ይጠይቃል፣ አዛውንት ያሳደገው ሰው ደግሞ አዛውንቱ እንዲቆጣ ይጠይቃል። ከሰባቱ ሁለቱን ብቻ አቆዪና አምስቱን አውጪ፤ በተረፈው ቦታ አያትየው አንድ ነገር ይወስን፤ ቤቱን ለመሸጥ ተስማምቶ ይፈርም ወይም ካርታውን ይደብቅ። በወሰነ ማግስት ዝምታው ራሱ ያስፈራል፣ ማውራትም መሞትም አያስፈልገውም።

መጨረሻው ላይ፣ ሲን 57፣ እህትየዋ ሱቋን ሸጣ የወንድሟን ዕዳ ስትከፍል ሁለት ሰዎች «አላመንኩም» ብለውሻል። አንቺም ያንኑ ሲን አራት ጊዜ ጽፈሽዋል፤ በአራተኛው ዝናብ ሁሉ አዝንበሽበታል። ሲኑ ምንም አልጎደለውም። እስከዚያ ድረስ ይህች ሴት ለሰው ብላ አንዲት ብር ስትለቅ አላየናትም፣ ችግሩ ያ ነው። «አላመንኩም» የሚል አስተያየት ከተባለበት ቦታ ላይ መንስኤው እምብዛም አይገኝም፤ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ለዚያ ውሳኔ መደላድል መጣል የነበረበትን ሲን ፈልጊ። እዚህ ሲን 5 ወይም 12 ነው። ሲን 12 ላይ ለዱቤ ደንበኛዋ የምትመልሰውን መልስ በሁለት መስመር ብትለውጪው ሲን 57 ሳይነካ ይታመናል።

ስንት ሰው ሲለው ነው የሚሠራበት? ከአምስት ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ፣ ያቀረቡት መፍትሔ ሰማይና ምድር ቢሆንም፣ እዚያ ቦታ ላይ ሥራ አለሽ። አንድ ሰው ብቻ ያለውን መዝግበሽ ለሚቀጥለው ዙር አቆዪው። አንድ ሰው የሚበቃባቸውም አሉ፦ ማን የማን ወንድም እንደሆነ የተምታታበት፣ የመረጃ ስሕተት ያገኘ፣ እና «ይህ በዚህ ገንዘብ አይቀረጽም» የሚል ቀራጭ። በተቃራኒው የጣዕም ጉዳይ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም፤ አምስቱም «ኮሜዲ ይሻላል» ቢሉ እንኳ ድራማ የመጻፍ መብትሽ ያው ነው። እርግጥ ከአምስቱ አንዱም ካልሳቀ፣ ካላለቀሰ፣ ካልፈራ ወደ ደብተርሽ ተመለሺ።

ማጣሪያ የሚሆንሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልግሻል። ማን ናት፣ ምን ትፈልጋለች፣ ማን ወይም ምን ይከለክላታል፣ ካልቻለች ምን ታጣለች፤ ከ30 ቃል ሳይበልጥ። የፊልም ሰዎች ሎግላይን የሚሉት ይህንን ነው፣ ለፕሮዲዩሰሩም ያስፈልግሻል። ያንቺን ከጽሑፉ ስናወጣው እንዲህ ሆነ፦ «አያቷን የምትጦር የታይዋን ነጋዴ፣ ከጅቡቲ በዕዳ ተይዞ የተመለሰ ወንድሟ ያደጉበትን የከዚራ ቤት እንዳያሸጥ ትታገላለች፤ ቤቱን ለማዳን ግን ብቸኛ መተዳደሪያዋን ማጣት ሊኖርባት ነው።» ልክ ካልመሰለሽ ራስሽ ጻፊው፣ ከዚያ ጠረጴዛሽ ፊት ለጥፊው። እያንዳንዱን መፍትሔ ስታነቢ «ይህ ለዚህች ሴት ታሪክ ነው ወይስ ለሌላ ፊልም?» በይ። የአያትየው ሞት ሌላ ፊልም ነው፤ ከሞተ ቤቱ የውርስ ክርክር ይሆናል፣ ፍርድ ቤት ይገባል፣ እህትየዋ የምትመርጠው ነገር አይኖራትም። መጥፎ ሐሳብ ስለሆነ አይደለም የምትተዪው።

እያንዳንዱ አንባቢ ሊነግርሽ የሚችለውና የማይችለው ነገርም አለ። የቴአትር ሰው ጆሮ አለው፤ አፍ ላይ የማይመች ዲያሎግ ወዲያው ይይዝልሻል። መድረክ ላይ ግን ነገር የሚገለጠው በንግግር ስለሆነ ካሜራ በአንድ ዕይታ የሚጨርሰውን በሦስት ገጽ ምልልስ እንድትጽፊ ይገፋሻል። የሥነ ጽሑፍ መምህር ጭብጥና ቋንቋ ያያሉ፤ የሚያደንቁልሽ ዓረፍተ ነገር ግን «ቤቱ የአባቷን ትዝታ ተሸክሞ ነበር» የሚለው ነው፣ እሱ ደግሞ አይቀረጽም። ሠርግ ቀራጩን ስለ ታሪክ ሳይሆን ስለ ብርሃንና ስለ ቦታ ጠይቂው፤ አራት የምሽት ሲን የውጪ መብራት እንደሚፈልግና ዋጋው እንዴት እንደሚከመር ከእሱ የተሻለ የሚነግርሽ የለም። የአክስትሽ ልጅ እውነተኛዋ ተመልካች ናት። እሷን ምን እንደሚሻል አትጠይቂያት፤ እያነበበች ስልኳን ያነሳችበትን ገጽ በእርሳስ ምልክት ታድርግልሽ። እነዚያ ምልክቶች ከሁሉም አስተያየት የበለጠ ዋጋ አላቸው።

አጎትሽ ስለ ባቡሩ ያለውን ሳትከራከሪ ተቀበዪ። ወንድምየው ከጅቡቲ በባቡር መጥቶ ከዚራ መሃል ባለው በድሮው ጣቢያ ይወርዳል ብለሻል፤ ከጅቡቲ የሚመጣው የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው አዲሱ ጣቢያ ነው። የድሮውን ጣቢያ ካፈቀርሽው ወንድምየው ከአዲሱ ጣቢያ በባጃጅ መጥቶ በድሮው ጣቢያ የተዘጋ በር በኩል እንዲያልፍ አድርጊ፤ የአያትየውን የባቡር ሥራ ዘመን ያለ ንግግር ታሳያለሽ። እኛም አንድ እንጨምርልሽ፦ ሲን 22 በጥር «ደቻቱ ውኃ ዳር» ይላል። የከተማው ወንዝ ደቻቱ በጥር አሸዋ ነው። የድሬ ሰው ይስቅብሻል፤ የሐምሌ 1998ቱን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ደግሞ ውኃ ካየ ሌላ ነገር ይጠብቃል።

ስለ ቋንቋው «አውጪው» ያለሽን ሰው ምክንያቱን ጠይቀሽዋል፣ «የአዲስ አበባ ተመልካች አይገባውም» ብሏል። ይህ የስክሪፕት ሳይሆን በፊልሙ ግርጌ የሚወጣ የትርጉም ጽሑፍ (ሰብታይትል) ጉዳይ ነው። ፕሮዲዩሰሩ እንዲያነበው ንግግሩን በአማርኛ ጻፊና ከገጸ ባሕርይው ስም ሥር «በሶማልኛ» ወይም «በኦሮምኛ» ብለሽ አመልክቺ። ቋንቋ መቀየሩ ራሱ አንድ ነገር ሲያደርግ ብቻ አቆዪው፤ ሰው ሲቆጣ፣ ሲለምን፣ ዋጋ ሲከራከር። እግረ መንገዳችንን፣ ሲን 24 ላይ ወንድምየው እህቱ እንዳትሰማው በስልክ ወደ ሶማልኛ ይዞራል። ድሬ ተወልዳ ታይዋን የምትነግድ ሴት ሶማልኛ እንዴት አይገባትም! ከአምስቱ አንድም ሰው ያላነሳው ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው። ወይ ሰምታ እንዳልሰማች ትሁን፣ ያኔ ሲኑ ይጣፍጣል፣ ወይ ከግቢ ወጥቶ ያውራ። እህትየዋ አያቷን «አንተ» ማለቷን መምህሩ እንደ ብልግና ቆጥረውት ከሆነ ግን አትቀይሪው። ከድሬና ከሐረር ውጪ ላደገ ተመልካች አያትየው በፍቅር የሚመልስበት አንድ አጭር ምላሽ ከፊት ብታስገቢ ይበቃል።

አሁን ወደ መጻፉ። ከገጽ 1 ጀምረሽ እያረምሽ አትውረጂ፤ ብዙ ሰው ስክሪፕቱን የሚያበላሸው እንዲህ ነው። ሦስት ቀን ያሳመርሽው ዲያሎግ ያለበት ሲን በአራተኛው ቀን ሊወጣ ይችላል፣ ያሳመርሽው ስለሆነም መጣሉ ይከብድሻል። መጀመሪያ ሲን የሚወጣ፣ የሚገባ፣ ቦታ የሚቀየር ይለቅ፤ ይህ ሦስት ሳምንት ይፍጅ። ቀጥሎ የቀሩት ሲኖች ውስጥ ማን ምን ይፈልጋል የሚለውን አስተካክዪ። ዲያሎግ ከዚያ በኋላ ነው፣ ሆሄ በመጨረሻ። የሚወጣውን ሁሉ «የተቀነሱ» በሚል ፋይል አስቀምጪው፤ እንዳለ ስለምታውቂ እጅሽ ለመቁረጥ አይፈራም።

አንድ ሰው ስክሪፕትሽን እንደ አዲስ የሚያነበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አምስቱንም አንድ ዙር ላይ አወጣሻቸው፤ ከእንግዲህ የቀድሞውን እያስታወሱ ስለሚያነቡ የሚነግሩሽ ንጽጽር ነው። ለሚቀጥለው ዙር ያላነበቡ ሦስት ሰዎች ፈልጊ፣ ሁለት ሌሎች ደግሞ ለመጨረሻው ይቆዩልሽ። «እንዴት ነው?» ብለሽም አትጠይቂ፤ መልሱ «አሪፍ ነው» ወይም «ግን…» ነው። ይልቅ ሳያዩ ታሪኩን በሦስት ደቂቃ እንዲያወሩልሽ ጠይቂ፤ የዘለሉት ሲን ወይ አያስፈልግም ወይ አልታየም። ገጽ 30 ላይ ሳሉ ምን ይሆናል ብለው እንደጠበቁ፣ ሁለቴ ያነበቡት የቱን እንደሆነ፣ ማንን እንደታከቱ ጠይቂ። መፍትሔ ሲያመጡልሽ «ምን ጎድሎብህ ነው?» በያቸው። አንቺ ግን አታብራሪ። «እዚህ ጋ እኮ እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ባልሽ ቅጽበት ያ አንባቢ ያለቀ ነው፤ ፊልሙ ሲታይ አጠገቡ ቆመሽ አታስረጂም።

ከወር በኋላ፣ ዲያሎጉን ከመንካትሽ በፊት፣ ድምፅ አውጥተሽ አስነብቢው። ስድስት፣ ሰባት ሰው ይበቃል፤ አንዱ የድርጊት መግለጫውን ብቻ ያንብብ፣ አንቺ ምንም አታንብቢ። እርሳስና የታተመ ቅጂ ይዘሽ ጥግ ተቀመጪ፣ ስልክ ይቅረጽ። አንባቢ የተንተባተበበት መስመር፣ ሰው የተንጠራራበት ገጽ፣ ሳቅ ያልጠበቅሽበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። ከዕረፍት ጋር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጠዋት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ በሙቀቱ ሰዓት ሁሉም ነገር ይንዛዛል። በርጫ ላይ ግን አይሁን። በምርቃና ሁሉም ሲን ድንቅ ነው፣ በየአምስት ደቂቃው አዲስ መጨረሻ ይፈልቃል፣ ማግስቱን የሚያስታውሰው የለም።

ርዝመቱንም በዚያው ለኪው። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚባለው ስሌት የመጣው ከእንግሊዝኛ ስክሪፕት፣ ሆሄው ሁሉ እኩል ስፋት ባለው በኩሪየር ፊደል በ12 ነጥብ ከተጻፈ ገጽ ነው። የእኛ ፊደላት ስፋታቸው እኩል አይደለም፤ በአንድ የአማርኛ ቃል ውስጥም ብዙ ነገር ይታጨቃል። አሥር ገጽ ከነድርጊቱ በሰዓት ያዢ፤ 14 ደቂቃ ከፈጀ 104 ገጽሽ ወደ 145 ደቂቃ ነው ማለት ነው፣ «ይንዛዛል» ያለሽ ሰው የተናገረው ይህንኑ ሊሆን ይችላል። የድርጊት መግለጫሽ ከአራት መስመር ሲበልጥ ቁረጪው፤ ስምንትና ዘጠኝ መስመር የሆኑ አሉሽ፣ አንባቢ ይዘላቸዋል፣ ከዚያ «አልገባኝም» ይላል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የገጸ ባሕርይ ስምና የሲን ርዕስ በደማቅ ይለዩ። የድሮ ፓወር ግዕዝ ፊደል ተጠቅመሽ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ወደ ኮተት ሊቀየር ስለሚችል በዩኒኮድ ፊደል አስገቢውና ለፕሮዲዩሰሩ በፒዲኤፍ ላኪ።

የቀረው የጓደኛሽ ስም ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃ የሚያገኘው የተጻፈው ሥራ እንጂ ሐሳቡ አይደለም፤ መብትሽም የሚጀምረው ስትጽፊው ነው፣ ምዝገባ አይጠብቅም። ማስረጃ እንዲኖርሽ ከፈለግሽ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ትችያለሽ። ስለዚህ «20 ገጽ ቁረጪ» ማለት ደራሲ አያደርግም፤ በፊልሙ መጨረሻ ምስጋና ውስጥ ስሙን ማስገባት ተገቢም ደግም ነው። ነገር ግን ማስታወሻሽ ላይ «ሲን 41ን እሱ ጻፈልኝ» የሚል አለ። ይህ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሲኑን አውጥተሽ ከባዶ ራስሽ ጻፊው፤ እንዳለ ካቆየሽው ግን ምን ተብሎ እንደሚጠቀስና ከክፍያው ድርሻ ይኑረው አይኑረው በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ይህንን ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ከመገናኘትሽ በፊት ጨርሺው፤ ገንዘብ ከተጠራ በኋላ እንዲህ ያለ ንግግር አይቀናም።